በሩ ነው የሚዘፍነው!

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው ፒስታ ላይ ዳገት እየወጡ፣ ናፍጣ ሞተር ከፊት እያጓራ፣ ጠጠር ከሥር እየተረጨ፣ የመሲንቆ ጭራ ከጭራ ሲፋተግ መስማት ይቻላል። ይቻላል! ዜማውን ማለቴ አይደለም፤ ዜማውማ ከየትኛውም ያረጀ ቴፕ ይሰማል። ፍትጊያውን ነው የምላችሁ። አዝማሪው ቀስቱን ሲመልስ የምትሰማውን ያቺን ደረቅ ትንፋሽ፣ ጣቱን ከጭራው ሲያነሳ ለቅጽበት የምትንጠለጠለውን ድምፅ፣ ስንኙን ሊጀምር ሲል አየር ሲስብ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ደግሞ በአዲስ ቅንጡ መኪና ውስጥ አይደለም። ወለሉ ጎማ፣ ጣሪያው ስስ ላሜራ በሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰውና እህል ሲጭን በኖረ አሮጌ ሎንግቤዝ ላንድክሩዘር ጋቢና ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራው ይህንኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን መኪና የማያውቅ የለም። ከፒያሳ ቱሪስት ጭኖ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው እሱ ነው። ክትባት ይዞ ጃን አሞራ የሚገባው፣ ምጥ የያዛትን እናት ከገደል አፋፍ አንስቶ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ በሠርግ ሰሞን ሚዜ የሚያመላልሰው፣ በክረምት ጭቃ የዋጠውን አይሱዙ ጎትቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ቶዮታ «70» የሚባለውን የላንድክሩዘር ትውልድ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ያንኑ የሳጥን ቅርጽ ሳይለቅ እስከ ዛሬ ያመርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው ዋን ኤችዜድ ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። መካኒኮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። እኔ ይህን መኪና እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ነው የሙዚቃው ነገር ይቆጨኝ የነበረው። የተሠራው ለሥራ ነውና ለጆሮ ያሰበለት የለም። በሩ አንድ ስስ ላሜራ ከውጭ፣ አንድ የተበሳሳ ላሜራ ከውስጥ፣ በላዩ ደግሞ ቪኒል የለበሰ ካርቶን ነው። ስፒከሮቹም የመዳፍ ያህል ነበሩ።

ጠላታችን ማን እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚገባው ከዚህ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 2000 ዙር ሲሄድ በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈነዳል ማለት ነው፤ ይህም የ100 ኸርዝ ድምፅ ነው። 1500 ላይ ሲወርድ 75 ኸርዝ ይሆናል። እና የከበሮው ድምታ የት ነው ያለው? የቤዝ ጊታሩስ? የበገናው ወፍራም ጅማትስ? እዚያው ሰፈር! ሞተሩ ተቀምጦ የሚያጉረመርመው ልክ የሙዚቃው መሠረት በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አሮጌ ላንድክሩዘር ውስጥ ሙዚቃ ሲከፈት ከታች ያለው ተበልቶ ከላይ ያለው ብቻ ይቀራል። ሾፌሩ የጎደለውን ፍለጋ ድምፁን ይጨምራል፤ ከላይ ያለው ይጮሃል፣ ከታች ያለው ግን አይመጣም። ጎንደር ተነስተው ደባርቅ፣ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በዚህ ሁኔታ ሲደርሱ ራስ ምታቱ የዳገቱ አይደለም፤ የቴፑ ነው።

ሰዉ ሁሉ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ ይገዛል፣ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ሳጥን ሳብውፈር ያስገባል፣ ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ የተጻፈውን አምኖ ይከፍታል። ያ ቁጥር ግን ለአፍታ ብልጭታ የተለካ ነው። ቴፑ ከመኪናው የሚያገኘው 14 ቮልት አካባቢ ነው፤ በዚያ ቮልት አራት ኦም ስፒከር ላይ ሳያዛባ የሚያወጣው ከ20 ዋት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ሞገዱን ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ያ የምንጠላው መሰንጠቅ እሱ ነው። ሳብውፈሩ ደግሞ ከኋላ ብቻውን ይደልቃል፣ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ የመስታወቱ ማውረጃ ይንኳኳል፣ ዘፋኟ ከመሃል ትጠፋለች። ብዙ ገንዘብ ፈሶ ብዙ ጩኸት ይገዛል።

እኔን ያዳነኝ አዘዞ ያለ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ስፒከር ልቀይር ብዬ ሳማክረው መልስ አልሰጠኝም። ወደ መኪናው ሄደና፣ «ጋሼ፣ እስቲ በሩን አንዴ ያንኳኩት» አለኝ። አንኳኳሁት።

«ምን አለዎት?»

«ቆርቆሮ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ቆርቆሮ ላይ የፈለጉትን ስፒከር ቢገጥሙ ምን ይዘፍንልዎታል?»

ይኸው ነው ግኝቱ! ስፒከሩ አይደለም፣ አምፕሊፋየሩ አይደለም፣ ስክሪኑማ በፍጹም አይደለም። በሩ ነው! ቤት ውስጥ ያለ ስፒከር የእንጨት ሳጥን አለው። የመኪና ስፒከር ሳጥኑ በሩ ነው፤ በሩ ሳጥን መሆኑን ግን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ በዚያችው ቅጽበት ከጀርባው ያለው ይሳሳል። የፊቱና የኋላው ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ይሰርዘዋል። ቀጭኑ ድምፅ አቅጣጫውን ይዞ ስለሚሄድ ያመልጣል፤ ወፍራሙ ግን በየቀዳዳው እየዞረ ይመለስና ተገናኝቶ ይጠፋል። የላንድክሩዘሩን የውስጥ በር ሽፋን አንሥታችሁ እዩ፦ ለመስታወቱ ማውረጃና ለቁልፉ ማስገቢያ ተብለው የተከፈቱ፣ ክንድ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ። በዚያ ላይ የተገጠመ ስፒከር አንድ ፊቱ የተቀደደ ከበሮ ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ምቱት፣ አያስገመግምም።

ሥራውን ስነግራችሁ እጄን ያሳክከኛል። በመጀመሪያ ሽፋኑ ተነሥቶ የበሩ ሆድ ይታጠባል፤ የኔው በር የስንት ዓመት የወገራ አቧራ እንደያዘ ብታዩ! ከዚያ የውጭው ላሜራ በውስጥ ፊቱ ላይ አሉሚኒየም የለበሰ የቡታይል ማጣበቂያ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ በሮለር እየተዳመጠ፣ አንዲት የአየር ኪስ ሳትቀር። ላሜራውን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። መሃል መሃሉን ሩቡን ወይም ሲሶውን ያህል ከያዘ ንዝረቱ ይሞታል። ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛውን ርካሹን የጣሪያ ሬንጅ የሚለጥፉ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። የመተማ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፣ ሽታው ጋቢናውን ይሞላዋል። ቡታይል ይሁን።

ቀጥሎ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች በስስ አሉሚኒየም ይደፈናሉ፤ ተለጥፈው ሳይሆን በትንንሽ ብሎን ታስረው፣ ዳር ዳራቸው በጎማ ተከብቦ። የመስታወቱ ማውረጃ ነገ ሲበላሽ መካኒኩ መፍታት አለበትና። የልጁን ብልሃት የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ነገን አስቦ ይሠራል። በበሩ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን እንዳትነኩ! እነሱ የውሃ መውጫ ናቸው። የነሐሴ ዝናብ በመስታወቱ ጎማ ሾልኮ የበሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ መውጫ ካጣ በአንድ ክረምት ላሜራውን ያዝገዋል። ከስፒከሩ በላይም እንደ ቆብ ክዳን የሆነች ፕላስቲክ ይደረጋል፣ ውሃው ማግኔቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ከዚያ ቀለበቱ መጣ። ስፒከሩ በቀጥታ ላሜራው ላይ ከታሰረ ላሜራውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ወፍራም የእንጨት ቀለበት ያስፈልጋል። ልጁ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ አናጢ ዘንድ ከዋንዛ አስቆረጠው። ከዋንዛ! በገና የሚሠራበት እንጨት! አናጢው በቫርኒሽ ደጋግሞ ቀባው፣ ልጁ በስድስት ብሎን አሰረው፣ ስድስት ኢንች ተኩል ስፒከር በላዩ ተቀመጠ። ስፒከሩ ስመ ጥር አይደለም፤ የተመረጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ የሚሰጥ በመሆኑ። የስፒከር ችሎታ በሦስት ዴሲቤል ከፍ ሲል አምፕሊፋየሩ ዋቱን እጥፍ እንዳደረገ ይቆጠራል። ከ90 ዴሲቤል በላይ የሚል ስፒከር ካገኛችሁ ለትልቅ አምፕሊፋየር የምታወጡትን ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ አስቀራችሁት።

ሁሉም ተገጥሞ ሽፋኑ ሳይመለስ ልጁ እንደገና ያንኳኩት አለኝ። አንኳኳሁ። «ድም» አለ! የገብስ ጎተራ እንጂ ቆርቆሮ አልነበረም። በሩን ስዘጋው ደግሞ ያ የለመድኩት «ቃጭ» ጠፍቶ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ገና ሙዚቃ ሳይከፈት መኪናው ሌላ መኪና ሆኗል።

የሽቦውን ነገር አጠር ላድርገው፤ አጭር ይሁን እንጂ ቀልድ የለበትም። ልጁ ለገጠመው አምፕሊፋየር የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፣ ፊውዙም ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ ይገባል። ሽቦው መንገድ ላይ ተፋፍቆ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ የሚቃጠለው ፊውዙ እንዲሆን እንጂ መኪናው እንዳይሆን ነው። ኔጌቲቩ ቀለሙ ተፍቆ ወደ ነጭ ላሜራ ይታሰራል፤ ዝገት ላይ ከታሰረ ዲናሞው ከሞተሩ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ፉጨት ወደ ስፒከሩ ይልካል። ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው የድምፅ ገመድና የባትሪው ሽቦ በመኪናው ግራና ቀኝ ተለያይተው ይሂዱ። መጋጠሚያው ሁሉ በስታኞ፤ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ የሚታለፍ ነገር የፒስታ መንቀጥቀጥ ይፈታዋል። ደግሞ አስተውሉ፦ ከድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች መካከል ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት የሚሠሩ አሉ። የ12 ቮልት ቴፕ ቀጥታ ከተሰጣቸው በቅጽበት ያቃጥሉታል፤ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ የግድ ነው። ሁለት ባትሪ ስላየን ብቻ ግን 24 ነው አንበል፣ ጎን ለጎን ታስረው 12 የሚሰጡም አሉ። በቴስተር ይለካ።

ሬዲዮው ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ከጃፓን ገበያ የመጣ መኪና ውስጥ ያለው ሬዲዮ ኤፍ ኤምን የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ የእኛ ጣቢያዎች ከዚያ በላይ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ እንኳ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ናቸው፤ ከጃፓኑ ሬዲዮ አንዱም አይገባም። ስንት ሰው ሬዲዮዬ ተበላሽቷል ብሎ ጥሎታል! አዲስ ቴፕ ሲገዛ እስከ 108 የሚደርስ ይሁን፤ አጭር ሞገድም ካገኛችሁለት እሰየው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የስሜን ገደል ሲጋርደው ይጠፋል፤ አጭሩ ሞገድ ግን ከሰማይ ተንጸባርቆ ይመጣል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅን አባቶቻችን በዚያው ነው ሲከታተሉ የኖሩት።

የካሴት ማጫወቻውን ግን አልጣልኩትም። እንዴት ይጣላል? በየጎንደሬው ቤት፣ በየሾፌሩ መቀመጫ ሥር ካሴት አለ፤ ከካሴት ወደ ሲዲ ሳይሻገር የቀረ ስንት ዘፈን አለ። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው፤ በዚያ ፍጥነት በማንበቢያው ጭንቅላት ላይ የተቀመጠች አንዲት የአቧራ ብናኝ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ትጋርዳለች። ልጁ የማንበቢያውን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ጠረገው፣ ዝንባሌውን በትንሽ ካቻቢቴ እየነካካ ድምፁ ጥርት እስኪል አስተካከለው፣ ጎማ ቺንጊያዋን ቀየራት። ከዚያ ከአዲሱ ቴፕ ሥር መልሶ ገጠመውና ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ አስገባው። ፍላሽ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ፋይል አትስጡት። ጥሩ በር ይቅር አይልም፤ የተሰጠውን ሁሉ ያወጣዋል።

እና ወጣን። ከጎንደር ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ ኮሶዬ ላይ ቆላው ከግራ ሲከፈት፣ አስቴር አወቀን ከፈትኩ። ጎንደር የተወለደችው አስቴር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አልበሟ። የሰማሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታንቀጠቅጠው ሁላችንም እናውቃታለን። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው። የሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁን ለቃው ትንፋሽ ብቻ ሲቀር! ያ ትንፋሽ ካሴቱ ውስጥ፣ ሲዲው ውስጥ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ነበረ፤ በሩ ነበር የሚበላው። ከሥሯ ያለው ቤዝ ደግሞ እየተራመደ መጣ፣ እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻው ተቆጥሮ፣ ሞተሩ 2000 ዙር ላይ እያጉረመረመ!

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ስንደርስ ጌታቸው መኩሪያ ገባ፤ ሽለላን ከጦር ሜዳ አንሥቶ ወደ ሳክስፎን ያስገባው ጌታቸው። ሳክስፎኑ ውስጥ ያለው የሸምበቆ ንዝረት፣ ያ ጉሮሮን የሚፍቅ፣ ፉከራ የሚመስለው፣ ጋቢናው መካከል ቆሞ ነበር። መካከል ስላችሁ ቃሌን ልብ በሉ። መሪያችን በግራ ስለሆነ ሾፌሩ ለግራው ስፒከር ይቀርባል፤ ከቀኙ አንድ ሜትር ያህል ይበልጥ ይርቃል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ጆሮ ደግሞ ቀድሞ ወደ ደረሰው ያዘነብላል፣ ዘፋኙ ሁሉ በግራ በር ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ዛሬ ያሉት መካከለኛ ቴፖች ግራውን በዚያችው መጠን የሚያዘገዩበት ማስተካከያ አላቸው። ነካ አድርጋችሁ ስታዘገዩት ዘፋኙ ከበሩ ይነሣና ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት ይቆማል። ነጻ ነው! ቴፑ ውስጥ ተቀምጦ ማንም አይነካውም!

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ከዳባት አንድ መሪጌታ አሳፍረን ነበር፣ ወደ ደባርቅ የሚሄዱ። እሳቸው በገቡ ጊዜ ዘፈኑን አጥፍቼ የማኅሌት ቅጂ ከፈትኩ። ጎንደር የአቋቋም ሀገር ናት፤ ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት መሆኗን የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፣ በቀኝና በግራ፣ ፊት ለፊት፣ እየተቀባበሉ። ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል። መሪጌታ ትንሽ አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ቀኞቹ በዚህ፣ ግራዎቹ በወዲያ ናቸው» አሉኝ፣ በእጃቸው እያሳዩ። ትክክል ነበሩ! ቀጂው ሁለት ማይክ አቁሞ ነበር፤ ስቴሪዮ ማለት ይኸው ነው፤ ጎንደር ይህን አደራደር የፈረንጅ ቴፕ ሳይመጣ ያውቀዋል። መቋሚያው መሬቱን ሲመታ ተሰማ። ጸናጽሉ እንደ ድሮው ጭቅጭቅ ያለ ጩኸት ሳይሆን እያንዳንዷ ቅጠል ተለይታ ጠራች። ከበሮው ሲገባማ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በዚያችው መንገድ፣ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን አሳለፈበት በሚባለው የስሜን ምድር ጫፍ ላይ፣ አራራዩን ከንፈራቸው ይከተል ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ በገና ነው። በገና አሥር ጅማት አለው፤ ጅማቱ ድልድዩ ላይ ቁራጭ ቆዳ እየነካ ስለሚነዝር ድምፁ በብዙ ከፍተኛ ንዝረቶች የተሞላ ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ስፒከር ላይ እንኳ በገናን እናውቀዋለን፤ ጆሮ ከላይ ያሉትን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት በራሱ ይሞላዋል። ግን የተሞላና የተሰማ አንድ አይደሉም! የዓለሙ አጋን በገና በዚህ በር ውስጥ ስሰማ ወፍራሙ ጅማት ደረቴ ላይ ደረሰ። ንዝረቱ ከላይ፣ መሠረቱ ከታች፣ ቃሉ በመካከል፤ ሦስቱም በየቦታቸው።

ደስ ያሰኘኝ ሌላም አለ፤ ይህ ሁሉ የሚሰማው ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው። መሠረቱ ከተመለሰ መጮህ አያስፈልግም። ሊማሊሞ ላይ፣ ጣሊያኖች ገደሉን ፈልፍለው ባወጡት በዚያ ጥምዝምዝ ላይ፣ ከፊት ለፊት ከመታጠፊያው ጀርባ የሚመጣ ሲኖትራክ ክላክስ ሲያደርግ መስማት ሕይወት ነው። ድሮ ቴፑ ይጋርደው ነበር። ዛሬ መሲንቆውም ይሰማል፣ ክላክሱም ይሰማል፣ አጠገቤ የተቀመጠውም ሰው ድምፁን ሳያነሣ ያወራኛል። አቧራውም ቀንሷል፤ ቀዳዳው ተደፍኖ በየት ይግባ? ከስሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ ስንመለስ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ያለው ብርድ እንኳ በበሩ በኩል እንደ ዱሮው ጉልበቴን አልቆረጠመኝም።

ሳብውፈር ያስፈልጋል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ከወንበር ሥር የምትገባ ስምንት ኢንች፣ ሳጥኗ የተዘጋ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ የምትይዝ ብትጨመር ደስ ይላል፤ የበሩንም ስፒከር ከከባዱ ሸክም ታሳርፈዋለች። ግን በሩ ሳይሠራ እሷን አታስገቡ። ከኋላ ረድፍ ረድፉን የተቀመጡትም ሰዎች ሌላ ስፒከር አይፈልጉም፤ ከፊት የጠራ ድምፅ ከመጣ እስከ ኋላ በር ይደርሳል፣ ጃን አሞራ የሄዱት ሐኪሞች መስክረውልኛል።

እናንተም አሮጌ ላንድክሩዘር ካላችሁ፣ ሀርድቶፕም ይሁን ፒክአፕ፣ ሃይሉክስም ቢሆን፣ ስክሪን ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት በሩን ፍቱት። ኤሌክትሪሻን ካላገኛችሁ ራሳችሁ ፍቱት፤ ካቻቢቴ፣ መቀስ፣ ጨርቅና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይበቃል። መጀመሪያ የሾፌሩን ብቻ ሠርታችሁ ከቀኙ ጋር አወዳድሩት፤ ልዩነቱን ስትሰሙ ሁለተኛውን ለማሠራት ማንም አይለምናችሁም።

የኔው ቀጣይ ሥራ ጣሪያው ነው። ያ ሰፊ ባዶ ላሜራ ዝናብ ሲመታው አሁንም ያስተጋባል፤ በዚያው ወረቀት መሃል መሃሉን ተለጥፎ በላዩ ስስ ስፖንጅ ይለብሳል። የኋላው በርም ወረፋ ይዟል። ልጁ ለጥምቀት አደርስልዎታለሁ ብሎኛል፤ ያን ሰሞን ከአዘዞ እስከ ፋሲል መዋኛ እንግዳ ስለምናመላልስ ጊዜው ጠባብ ነው፤ ቁልፉን ትናንት ሰጥቼዋለሁ።